የሚሰጠውና የሚወስደው፤ ስለ ሰው ሠራሽ ቃጫ የኬሚካል ሥራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





ሰው ሠራሽ ቃጫዎች በኬሚካል ሲሠሩ ጠባያቸው እንዴት እንደሚለወጥ በዚህ ጉባኤ ፊት ቀርቤ እንዳስረዳ ስለ ተጋበዝሁ ለማኅበሩ የሥራ አመራር ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርእሱ ሰፊ ነው። ናይለንን፣ ፖሊስተርን፣ አክሪሊክንና የቀሩትን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣሁ ልዘርዝር ብል ጊዜውም አይበቃኝም፤ የአድማጭም ትዕግሥት ያልቃል። ስለዚህ አንድ ሥራ ብቻ መርጬ፣ ይኸውም ፖሊስተርን በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ማሳሳትን በዝርዝር ለመመልከት፣ የቀሩትን ግን ከእርሱ ጋር እያነጻጸርሁ ለመንካት አስቤአለሁ።

ይህን ሥራ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በማጠናቀቂያ ክፍል ውስጥ ከምንሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ትርፉና ኪሣራው በአንድ ሚዛን ላይ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ነው። ኬሚካል ለቃጫ አንድ ጠባይ ሲሰጥ ሌላ ጠባይ ይወስድበታል። የሚሰጠው በዕለቱ ይታያል፤ ጨርቁ ከማሽኑ እንደ ወጣ በእጅ ይዳሰሳል፣ በዓይን ይደነቃል። የሚወስደው ግን ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታና በሌላ ሰው ላይ ነው። ዛሬ ላሳስባችሁ የምፈልገው ፍሬ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው። የውጭ አገር ታሪክን በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አመለክታለሁ።

የቃጫው ጠባይ

በገበያ ላይ ከፍ ያለ ስም ለማግኘት የመጀመሪያ የሆነው ሰው ሠራሽ ቃጫ ናይለን ነው። እርሱንም አሜሪካዊው ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በዱፖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ በ1935 አስገኘው። ከ6 ዓመት በኋላ በ1941 ጆን ሬክስ ዊንፊልድና ጄምስ ቴናንት ዲክሰን የተባሉ፣ በእንግሊዝ አገር በካሊኮ ፕሪንተርስ አሶሲዬሽን ይሠሩ የነበሩ ኬሚስቶች ቴሬፍታሊክ አሲድን ከኤትሊን ግላይኮል ጋር በማጣመር ዛሬ ፖሊስተር የምንለውን ቃጫ አገኙ። ይህም ቃጫ በእንግሊዝ ቴሪሊን፣ በአሜሪካ ዳክሮን በሚል የንግድ ስም ተሸጠ።

የፖሊስተር ሞለኪዩል ረጅም ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱን ቀለበቶች አንዱን ካንዱ ጋር የሚያያይዘው የኤስተር ማሰሪያ ይባላል። ቃጫው በፋብሪካ ሲሳብና ሲለጠጥ እነዚህ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ይጠጋጋሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በሞለኪዩል ደረጃም የሚሠራ ይመስላል፤ የቃጫው ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ መተባበር ነውና። ዳሩ ግን እጅግ መጠጋጋታቸው ለሌላው ነገር በር ይዘጋል። ፖሊስተር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከመቶ 65 በሆነ የአየር እርጥበት ውስጥ ሲቀመጥ የሚመጥጠው ውኃ ከክብደቱ ከመቶ 0.4 ያህል ብቻ ነው። ናይለን በዚሁ ሁኔታ ከመቶ 4 ያህል፣ ጥጥ ደግሞ ከመቶ 8 ያህል ይመጥጣል።

ከዚህች አነስተኛ ቁጥር ብዙ ነገር ይከተላል። ጨርቁ ላብ አይጠጣም፤ በፍትጊያ ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ቅባት ይይዛል፤ ቀለምም በቀላሉ አይቀበልም። ሰንሰለቶቹ በሙቀት መፈናፈን የሚጀምሩት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ገደማ ስለሆነ፣ በደንብ እንዲቀለም ከተፈለገ በግፊት ማሽን ውስጥ እስከ 130 ዲግሪ ማሞቅ የተለመደ ሆኗል። በተጨማሪም የቀድሞው ፖሊስተር ወለሉ ለስላሳና ክብ፣ ሲዳሰስም ግትር በመሆኑ ተጠቃሚዎች እንደ ላስቲክ ይቆጥሩት ነበር። እንግዲህ የማጠናቀቂያ ባለሙያው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ጥንካሬውን ሳናጠፋ ይህን ግትርነት እንዴት እናለዝበው?

ኮስቲክ ሶዳ በፖሊስተር ላይ የሚሠራው

የኮስቲክ ሶዳን ኃይል የጨርቃ ጨርቅ ሰዎች ያወቁት ከፖሊስተር በፊት ነው። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር በኮስቲክ ሶዳ የተነከረ ጥጥ እንደሚያብጥ፣ እንደሚጠነክርና ቀለም አብልጦ እንደሚቀበል ተመልክቶ በ1850 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። መርሰራይዜሽን የምንለው ሥራ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ጥጥ ኮስቲኩን ወደ ውስጡ ይቀበላል፤ ያብጣል እንጂ አያልቅም። በፖሊስተር ላይ የሚሆነው ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው።

ፖሊስተር ውኃ የማይወድ ስለሆነ በውኃ የተከበበው የሃይድሮክሳይድ አዮን ወደ ውስጡ ሊዘልቅ አይችልም። በወለሉ ላይ ቆሞ ያገኘውን የኤስተር ማሰሪያ ይቆርጣል። የተቆረጡት ቁርጥራጮች ዳይሶዲየም ቴሬፍታሌት የተባለ ጨውና ኤትሊን ግላይኮል ሆነው በውኃው ውስጥ ይሟሟሉ። ከሥሩም አዲስ ወለል ይገለጣል፤ እርሱም በተራው ይበላል። ስለዚህ ቃጫው እንደ ሽንኩርት ከውጭ ወደ ውስጥ ይላጣል፤ ያልተላጠው እምብርት ግን በሞለኪዩሉ ርዝመት ከበፊቱ የተለየ አይሆንም። የዚህ ሥራ ትልቁ ሀብትም፣ ትልቁ ወጥመድም በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው አስቀድሞ በሙቀት በተረጋጋ ጨርቅ ላይ፣ ወደ መፍላት በተጠጋ ወይም በግፊት ከዚያ ባለፈ ሙቀት ነው። እንደ ጨርቁ ዓይነት ከክብደቱ ከመቶ 10 እስከ 30 እንዲቀነስ ይደረጋል። ወለሉ ቀድሞ እንደ መስተዋት ለስላሳ የነበረው ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል፤ ይልቁንም ድምቀቱን ለማደብዘዝ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተጨመረበት ቃጫ ሲሆን ዱቄቱ ከነበረበት ቦታ ሁሉ ረዘም ያለ ጉድጓድ ይቀራል። በጉድጓዶቹ ምክንያት ብርሃኑ ተበታትኖ ይመለሳል፣ ውኃም በጨርቁ ላይ በተሻለ ሁኔታ ይስፋፋል። ድርና ማጉ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ክፍተት ስለሚፈጠር ክሮቹ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ፤ ጨርቁም በሰውነት ላይ እንደ ሐር ይወርዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃፓኖች ሺንጎሰን በሚል ስም ለዓለም ገበያ ያቀረቧቸው የረቀቁ የፖሊስተር ጨርቆች ይህን ጥበብ ከሌሎች ጋር አጣምረው የተጠቀሙ ነበሩ።

ሒሳቡ

ባልደረቦቼ፣ የዚህን ሥራ ትርፍና ኪሣራ በግምት ሳይሆን በቁጥር መመልከት ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፈ ሒሳብ ነው።

ከጨርቁ ክብደት ከመቶ 20 ተቀነሰ እንበል። የቃጫው ርዝመት ስለማይለወጥ የቀነሰው ስፋቱ ነው። የመስቀለኛ ስፋቱ ወደ 80 ከመቶ ሲወርድ፣ ውፍረቱ ወደ 89 ከመቶ ግድም ይወርዳል። የአንድ ክብ ቃጫ ግትርነት ግን የሚለካው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሆነ ወደ 64 ከመቶ ይወርዳል። ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ግትርነቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ልስላሴው በእጅ ወዲያው የሚታወቀው ስለዚህ ነው።

ጥንካሬውስ? ቃጫው ሊሸከም የሚችለው ኃይል ቢያንስ እንደ መስቀለኛ ስፋቱ መጠን በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ነገር ግን ወለሉ ላይ የተቆፈሩት ጉድጓዶች የመበጠስ መነሻ ስለሚሆኑ ኪሣራው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። በተጨማሪም ክሮቹ ስለ ላሉ ጨርቁ ሲሰፋ በስፌቱ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጨርቁ ለዚህ ሥራ የታሰበ ከሆነ ማሰብ ያለበት ሸማኔው ነው፤ ከመጀመሪያው ጠበቅ አድርጎ መሸመን አለበት። ማጠናቀቂያ ክፍል ከደረሰ በኋላ ይህን ማረም አይቻልም።

የወሰድነውስ ወዴት ሄደ? አንድ ቶን ጨርቅ ከመቶ 20 ቢቀነስ 200 ኪሎ ፖሊስተር ተሟሟ ማለት ነው። ይህን ለመቁረጥ 83 ኪሎ ያህል ኮስቲክ ሶዳ ይበላል። በመታጠቢያው ውኃ ውስጥም 219 ኪሎ ያህል ዳይሶዲየም ቴሬፍታሌትና 65 ኪሎ ያህል ኤትሊን ግላይኮል ይቀራል። ከምንም የመጣ፣ ወደ ምንም የሄደ አንድ ኪሎ የለም። በኪሎ ተመዝኖ በውጭ ምንዛሪ ከተገዛው ፈትል አንድ አምስተኛው በቦይ ወረደ። ይህን ልስላሴ ደንበኛው ዋጋ ከፍሎ ከገዛው ሥራው ትርፍ አለው፤ ካልገዛው ግን ገንዘብን በፍሳሽ መልክ ማፍሰስ ነው።

ልኩ የሚጠፋባቸው መንገዶች

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ፋብሪካ ያየሁትን እዚህ ላይ ልጥቀስ፤ የፋብሪካው ስም ለትምህርቱ አያስፈልግም። ፋብሪካው አንድን የፖሊስተር ጨርቅ ለረጅም ጊዜ በአንድ ዓይነት ቀመር ሲያሳሳ ቆይቶ፣ ከሌላ አቅራቢ የመጣ ሌላ ጨርቅ ይደርሰዋል። ክብደቱ ያው፣ ሽመናው ያው፣ ስሙም ያው ፖሊስተር ነው። በዚያው ክምችት፣ በዚያው ሙቀት፣ ለዚያው ያህል ደቂቃ ተሠራ። ከማሽኑ ሲወጣ ልስላሴው ከቀድሞው የበለጠ ስለ ነበረ የክፍሉ ሠራተኞች ተመሰገኑ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ከልብስ ስፌቱ ድርጅት ደብዳቤ መጣ፤ ልብሱ በብብቱና በወገቡ ላይ ስፌቱን ይዞ ይከፈታል የሚል ነበር።

ምክንያቱ ምሥጢር አልነበረም። የአዲሱ ጨርቅ ክር የተሠራው ከቀጫጭን ፊላሜንቶች ነበር። የቀድሞው ፊላሜንት 4 ዴኒየር፣ አዲሱ 1 ዴኒየር ቢሆን የመጀመሪያው ውፍረት ወደ 20፣ የሁለተኛው ወደ 10 ማይክሮን ይሆናል። ኮስቲኩ ከሁለቱም ወለል ግማሽ ማይክሮን ቢልጥ፣ ወፍራሙ ከክብደቱ ከመቶ 10 ያህል ሲያጣ ቀጭኑ ከመቶ 19 ያጣል። ኮስቲኩ ሁለቱንም እኩል ልጧል፤ ለቀጭኑ ግን ያው ልጣጭ የሰውነቱ አንድ አምስተኛ ነበር። የሥራው ቀመር የተጻፈው ለጨርቁ ስም እንጂ ለቃጫው ውፍረት ስላልነበረ ልኩ ጠፋ። እጅ ልስላሴን እንጂ የጠፋ ጥንካሬን ሊዳስስ አይችልምና ምስጋናው ከቅሬታው ቀድሞ ደረሰ።

ልኩን የሚያናጉ ሌሎችም ነገሮች አሉ። ጨርቁ አስቀድሞ የተረጋጋበት ሙቀት ከተለየ የመላጡ ፍጥነት ይለያል። ኳተርነሪ አሞኒየም የተባሉት ጨዎች በጥቂቱ ሲጨመሩ አዮኖቹን ወደ ቃጫው ወለል ስለሚያቀርቡ ሥራውን እጅግ ያፋጥኑታል፤ ካልታጠቡ ግን በጨርቁና በማሽኑ ላይ ይቀራሉ። በኤሌክትሪካዊ ቀለም በደማቁ እንዲቀለም ሰልፎኔት የተጨመረበት ፖሊስተር ደግሞ ከተራው ይልቅ ፈጥኖ ይበላል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጨርቅ ውስጥ ተቀላቅለው ከመጡ አንደኛው ሳይነካ ሌላው ሊያልቅ ይችላል።

ክምችት ብቻውን መለኪያ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የጥጥና የፖሊስተር ቅልቅል ጨርቅ በመርሰራይዜሽን ማሽን ሲያልፍ የሚያገኘው የኮስቲክ ክምችት ከመቶ 20 እስከ 25 ይደርሳል፤ ሙሙቱ ቀዝቃዛ፣ ቆይታውም ከአንድ ደቂቃ ያነሰ በመሆኑ ግን ፖሊስተሩ እምብዛም አይጎዳም። ያው ጨርቅ ከመቶ 4 ብቻ በሆነ ሙሙት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቢፈላ ግን ጉዳቱ በሚዛን ይታያል። ሙቀትና ጊዜ ክምችትን ያሸንፋሉ።

መልካሙ ነገር አጸግብሮቱ ሥርዓት የሚከተል መሆኑ ነው። ክምችቱና ሙቀቱ ሳይለወጡ ከቆዩ የቃጫው ውፍረት በየደቂቃው እኩል መጠን ይቀንሳል። ከመቶ 10 ለመቀነስ 20 ደቂቃ የፈጀ ጨርቅ ከመቶ 20 ለመቀነስ 41 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ አዲስ ጨርቅ በመጣ ቁጥር ትንሽ ቁራጭ ወስዶ፣ አድርቆና መዝኖ፣ ለ20 ደቂቃ ሠርቶ፣ እንደ ገና አድርቆና መዝኖ ማስላት ይቻላል። የሚያስፈልገው ጥሩ ሚዛንና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የልብስ ሰፊዎች ምክር ለኬሚስቱም የተነገረ ነው።

ወደ ውስጥ የሚገቡ ኬሚካሎች

ኮስቲክ ሶዳ ጉዳቱን በሚዛን የሚያሳውቅ ግልጽ ሠራተኛ ነው። ሁሉም ኬሚካል ግን እንዲህ አይደለም። አሚን የሚባሉት ውሑዶች፣ ለምሳሌ ሜቲል አሚን፣ የኤስተሩን ማሰሪያ ይቆርጣሉ፤ ነገር ግን እንደ ሃይድሮክሳይድ በወለል ላይ አይቆሙም፤ ሰንሰለቶቹ ባልተጠጋጉበት ቦታ ሾልከው ወደ ውስጥ ይገባሉ። የተቆረጠው ቁራጭ ባለበት ስለሚቀር ቃጫው ክብደቱን ሳያጣ ጥንካሬውን ያጣል። ጨርቁን የመዘነ ሰው «አልተጎዳም» ይላል፤ የጎተተው ሰው ግን በእጁ ላይ ይቀርበታል። ከዚህ የምንማረው እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ መለኪያ እንደሚያስፈልገው ነው፤ ለአንዱ ሚዛን ይበቃል፣ ለሌላው የመጎተቻ መሣሪያ የግድ ነው።

የቃጫዎቹም ጠባይ ይለያያል። ናይለን አልካሊን በደንብ ይቋቋማል፤ አሲድ ግን ይሰብረዋል፤ በጠንካራ ፎርሚክ አሲድ ውስጥ ፈጽሞ ይሟሟል። ፖሊስተር በዚያው አሲድ ስለማይሟሟ ሁለቱን ቃጫዎች በቤተ ሙከራ ለመለየት እንጠቀምበታለን። ናይለን በክሎሪን ማንጪያም ይጎዳል። አክሪሊክ በትኩስ ኮስቲክ ሲነካ የናይትሪል ክፍሉ ቀስ በቀስ ይለወጥና ቃጫው ቢጫ፣ ከዚያም ቀላ ያለ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ለፖሊስተር የተጻፈውን ቀመር ለቅልቅል ጨርቅ ከመጠቀም በፊት የቅልቅሉን እያንዳንዱን ዘመድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቃጫው ላይ የሚጨመሩ ኬሚካሎች

እስካሁን ከቃጫው ስለሚወሰደው ተናግሬአለሁ። ወደ ቃጫው የሚጨመረውም የራሱ ኪሣራ አለው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ከአሜሪካ የመጣው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የሕፃናት የሌሊት ልብስ እሳት እንዳይዘው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። የደንቡ ዓላማ ቅዱስ ነበር፤ በእሳት የሚቃጠሉ ሕፃናትን ለማዳን ነበር። ፋብሪካዎች በፖሊስተርና በመሳሰሉት ጨርቆች ላይ ትሪስ በሚል አጭር ስም የታወቀ ብሮሚን ያለበት ፎስፌት ጨመሩ፤ መጠኑም ከጨርቁ ክብደት ከመቶ 5 እስከ 10 ይደርስ ነበር። ጨርቁ የእሳት ፈተናውን አለፈ። ፈተናው ግን የጠየቀው «ይቃጠላል ወይ?» ብሎ ብቻ ነበር፤ «ኬሚካሉ ከጨርቁ ወጥቶ ወደ ሕፃኑ ይገባል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በ1977 አርሊን ብሉምና ብሩስ ኤምስ የተባሉ ተመራማሪዎች ትሪስ የዘር ቅንጣትን የሚለውጥ፣ ካንሰርም ሊያመጣ የሚችል መሆኑን አመለከቱ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን ትሪስ ያለበትን የሕፃናት ልብስ ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት በወጣ ጥናትም ልብሱን ከለበሱ ሕፃናት ሽንት ውስጥ የኬሚካሉ ውላጅ ተገኘ።

ውኃ እንዳይገባቸው ለሚደረጉ ጨርቆች የዋሉት ረጃጅም ሰንሰለት ያላቸው የፍሎሪን ውሑዶችም ታሪካቸው ከዚህ ብዙ አይለይም። ውኃንም ዘይትንም በእኩል የሚገፋ ከእነርሱ የሚስተካከል አልነበረም። ይህን ኃይል የሰጣቸው የካርቦንና የፍሎሪን ማሰሪያ ግን በአፈርና በውኃ ውስጥም ስለማይፈርስ፣ ፒፎስ የተባለው በ2009፣ ፒፎኣ የተባለው በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ጨርቁን ያስመሰገነው ጠባይ ራሱ ጥፋቱ ሆነ።

ፍሳሹና ሠራተኛው

ወደ ኮስቲክ ሶዳው ልመለስ። ከላይ የተሰላው አንድ ቶን ጨርቅ 200 ኪሎ ፖሊስተር በውኃ ውስጥ ትቶ ሄዷል። ይህ ነገር በወንዝ ውስጥ በተሐዋስያን ተበልቶ ሙሉ በሙሉ እስኪፈርስ ድረስ 333 ኪሎ ያህል ኦክሲጅን ይጠይቃል። በደጋችን ከፍታ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከ7 እስከ 8 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ የአንድ ቶን ጨርቅ ልጣጭ ከ40,000 ሜትር ኩብ በላይ በሆነ ውኃ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ሁሉ ለመጨረስ ይበቃል። በዚያ ላይ የቀረው ኮስቲክ ራሱ፣ እንዲሁም ለዓሣ መርዝ የሆነው ኳተርነሪ አሞኒየም አለ።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጥርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል ጣቢያ እንዲኖረው ተደርጎ መሠራቱ ይህን በመገንዘብ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነውና፣ የገባበት ሁሉ በዚያው ይቀራል። መውጫ ባላቸው ወንዞች ዳር የተሠሩ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ከዚህ ሒሳብ ነጻ አይደሉም፤ ለእነርሱ ሒሳቡን የሚከፍለው ከታች ያለው ገበሬና ከብቱ ነው።

ደግነቱ ለዚህ ፍሳሽ ግማሽ መፍትሔ በእጃችን አለ። ፍሳሹ ከሌላው የፋብሪካ ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ተሰብስቦ አሲድ ቢጨመርበት ቴሬፍታሊክ አሲዱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ከ200 ኪሎው ፖሊስተር በስሌት እስከ 173 ኪሎ ያህል ሊገኝ ይችላል። ተጣርቶ ለሌላ ሥራ ይዋል አይዋል የገበያ ጉዳይ ነው፤ ወደ ወንዝ አለመውረዱ ግን ብቻውን ትርፍ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት የተለየ ቦይና የተለየ ገንዳ ስለሆነ፣ ጉዳዩ መታሰብ ያለበት የፋብሪካው ፕላን ሲነደፍ ነው።

ሠራተኛውንም ሳንረሳ እንለፍ። ደረቅ ኮስቲክ በውኃ ሲሟሟ ከፍ ያለ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ኮስቲኩ ቀስ በቀስ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በኮስቲክ ላይ ፈጽሞ አይፈስስም። ትኩስ ኮስቲክ ዓይን ውስጥ ከገባ የሚቆጠረው ጊዜ ሰከንድ ነው። የዓይን ማጠቢያው በተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ወይም ከደረጃ በታች ከሆነ የለም ማለት ነው። ለጨርቁ የጥራት መቆጣጠሪያ መዝገብ ያዘጋጀ ባለሙያ ጨርቁን ለሚሠራው ሰው ዓይን መዝገብ ሊያሳጣው አይገባም።

ማጠቃለያ

ክቡራንና ክቡራት፣

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኬሚካልን እንፍራው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ያለ ኬሚካል ሥራ ፖሊስተር ዛሬም ግትር፣ አንጸባራቂና ቀለም የማይቀበል ቃጫ ሆኖ በቀረ ነበር። ለስለስ ያሉ መንገዶችም እየተገኙ ነው። በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች ፖሊስተሩን ራሱን ለምግብነት የሚጠቀም ባክቴሪያ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። በእንደዚህ ያሉ ኤንዛይሞች የቃጫውን ወለል ብቻ፣ በዝቅተኛ ሙቀትና ያለ ትኩስ ኮስቲክ ለመለወጥ የሚደረገው ጥረት በብዙ ቤተ ሙከራዎች እየተሠራበት ነው። እርሱም ቢሆን ሲመጣ የራሱን ሒሳብ ይዞ ይመጣል።

ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ ቀላልና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። እያንዳንዱ የማጠናቀቂያ ክፍል ለሚጠቀምበት ቀመር ሁሉ አራት ዓምድ ያለው አንድ ገጽ ይያዝ። በመጀመሪያው ዓምድ ቃጫው ያገኘው ጠባይ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ያጣው ጠባይ፣ እርሱም የታወቀበት መለኪያ ይመዝገብ፤ በሦስተኛው ከቃጫው የወጣው ወይም በላዩ የተጨመረው ነገር የሚደርስበት ቦታ ይጠቀስ፤ በአራተኛው ደግሞ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ምን እንደሚነካና በምን እንደሚጠበቅ ይስፈር። የመጀመሪያው ዓምድ በየፋብሪካው ተጽፎ የሚገኝ ነው፤ ደንበኛውም ገንዘብ የሚከፍልበት እርሱ ነው። ሌሎቹን ሦስቱን ለመሙላት ግን የሚጠይቀን ደንበኛ የለም። የባለሙያ ማኅበር የሚያስፈልገውም፣ ማንም ሳይጠይቀን ልንሞላቸው የሚገቡ ዓምዶች ስላሉ ይመስለኛል።